ሞላ ጎደለ

ሻርጃ፣ ሳናያ አሥር፣ ከቀትር በኋላ፣
ኮሮላዬ ክሪክ ላይ እግሯን አንጠልጥላ፣
ሸር አፍዛል ጎማዋን በሁለት እጁ ይዞ
ግራ ቀኝ ቢነቀንቅ፣ እንደ በር ወዝውዞ፣
"ቋ" ብላ መለሰች።
ባትሪውን አብርቶ "ና እይ" አለኝ ከታች።

ቦኮላው እንደ ቋንጣ ደርቆ ተሰንጥቋል፤
አሞርዛተሩ ዘይቱን አልቅሶ ጨርሷል፤
የግራው ቴስቲኒ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ፣
ምላስ ቢነካው እንኳ ይወዛወዛል።
ሞላውማ ተዉት። ስሙ ብቻ ሞላ፣
እሱ ከጎደለ ዓመት አልፎታል።

ይህን ሁሉ ስም የለመድሁት ኮምቦልቻ ነው፣
ከአለቃዬ ከይርዳው፣
"ቴስቲኒ አቀብል!" ሲለኝ ቦኮላ ይዤ እየሮጥሁ፣
በኩርኩም እየታረምሁ፣
ጣልያን ጥሎት የሄደውን ቃል ከመፍቻ ጋር ለቅሜ።
እዚህ ማን ይሰማኛል? ሸር አፍዛል በፓሽቶ፣
ዕቃ ሻጩ ማላያሊ በገዛ አፉ አጣሞ
ሌላ ሌላ ይሉታል።
ብረቱ ግን ሲያረጅ፣ በየትኛውም ቋንቋ
የሚለው ያው ነው፦ ቋ።

"ሺህ ስድስት መቶ ድርሃም፣ የፊቱም የኋላው፤
የፊቱ ብቻ ከሆነ ሰባት መቶ ነው።"
እጁን በጨርቅ ጠረገ። እኔ አሰላሁ በልቤ፦
ብትሸጥ፣ በሳሙና አጥቤ፣
ወንበሯን ሸፍኜ፣ ሽቶ አርከፍክፌባት፣
ሦስት ሺህ ብታወጣ ነው፣ ያውም የዋህ ገዢ ካገኘሁላት።
ለሦስት ሺህ ብረት ይህን ሁሉ ማፍሰስ!
ይርዳው ቢሰማ ይላል፦ "በቅሎዋን ሸጠህ ነው ኮርቻዋን የምታድስ?"

ደግሞስ ከሮላ እስከ አጅማን ምን መንገድ ሆነና?
አስፋልቱ ለስላሳ፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀና፤
እነዚያ ጉብታዎች፣ በየመስጊዱ ደጅ፣
በየትምህርት ቤቱ በር ባይደረደሩብኝ
ማንም ባላወቀብኝ።
ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። መስኮት እዘጋለሁ።
እንዲህ እንዲህ እያልሁ ስድስት ወር ነድቻለሁ።

(አብሮኝ የሚኖረው ኑርልኝ፣ ደረጃ ስወጣ፣
"ያንተም ጉልበት እኮ እንደሷ ነው" አለኝ።
ተው፣ አልሁት። ግጥም አታምጣ።
ጉልበቴ ጉልበት ነው፤ እሷ ብረት ናት፣
ዋጋዋን ነግረውኛል።)

ታዲያ ሐሙስ ማታ ዙቤይዳን፣ የባቲዋን፣
ጨርሳ ስትወጣ የሳሎን ሥራዋን፣
እንደ ወትሮው ከኋላ ጫንኋት።
ባሏ ፉጃይራ ወደብ የሌሊት ተረኛ ነው።
በመስታወት አየኋት። ጉብታው ጋ ሳንደርስ
ዓይኗን ጨፈነች፤
ሆዷን ከሥር በሁለት እጇ ደግፋ
ወደ ላይ አነሳችው፣ ትንፋሿን ውጣ፣
እስክናልፍ።
"ቋ።"
አንድ ቃል አልተነፈሰች። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ።
ሦስተኛው ላይም። ሬዲዮው ይዘፍናል።
አጅማን ስንደርስ ብቻ፣ ቦርሳዋን እያነሳች፣
"ቀኔ ሊሞላ ነው" አለች።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ።
ለካ ይህን ሁሉ ሳምንት ሞላ ሆነው የኖሩ
እኒያ ሁለት እጆች ነበሩ፣
የኔን ጉድለት ተሸክመው።
ሳናያ ሳሰላ ግን፣ የትኛውም መስመር ላይ አልነበሩ።

ቅዳሜ ተመለስሁ። "የፊቱን" አልሁት፣
ለሙሉው ኪሴ አይበቃም።
ሰባት መቶ ቆጠርሁ። አሮጌውን ሞላ
በርሜል ውስጥ ሲወረውረው እንደ ደወል ጮኸ፤
ሸር አፍዛል ራሱ ደንግጦ ሳቀ።

ማታ፣ "ዛሬ ከፊት ተቀመጪ" አልኋት።
በዓይኗ ጠየቀችኝ። በሩን ከፈትሁላት።
የመጀመሪያው ጉብታ ሲመጣ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ።
አፍንጫዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ መኪናዋ፣
እንደ ተኛ ሰው ደረት።
ዝም።
እጇ መንገድ ላይ ቀረ።
ከዚያ ከበስተኋላችን፣ ከባዶው ወንበር ሥር፦
"ቋ።"

ዞር ብላ አየች። ሳቋ አመለጣት።
"እዚያ ደሞ ማን ቀረ?"
"ደመወዜ" አልኋት፤
"ገና አልገባም።"